በረራው ተሰርዟል፣ ሻንጣውም አልመጣም፤ አሁን ምን ይደረግ?

ባለፈው እትም የጉዞ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሁለት ነገር ናቸው። ስለተሰረዘ በረራና ስለቀረ ሻንጣ። አልገረመኝም። ለዓመታት የሠራሁት በአንድ አየር መንገድ የሻንጣ ጉዳይ ካውንተር ላይ ነው። እዚያ ቆሜ ሲያለቅስም ሲቆጣም ያየሁት ሰው ብዙ ነው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሙሉ መብት እያለው ማስረጃ የምትሆን አንዲት ወረቀት ስላልያዘ ብቻ ባዶ እጁን የተመለሰው ሰው ነው። ስለዚህ ከታች በምመልሳቸው ጥያቄዎች ውስጥ "አስጽፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ ያዙ" የሚል ነገር ሲደጋገምባችሁ አትሰልቹኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ስጓዝ ትራንዚት ላይ ሁለተኛው በረራዬ ሌሊት ላይ ተሰረዘ። ካውንተሩ ላይ የነበረችው ልጅ "ነገ ጠዋት ተመለሱ" ብላን ዘግታ ሄደች። ወንበር ላይ ተኝቼ አደርኩ። ጠዋት ሰልፉ ንቅንቅ አይልም። የምዝገባ ቀን ሊያልፍብኝ ነው ብዬ ስለደነገጥኩ በራሴ ገንዘብ ከሌላ አየር መንገድ ትኬት ቆርጬ ሄድኩ። አሁን የመጀመሪያው አየር መንገድ "ትተሽን የሄድሽው አንቺ ነሽ፣ የምንከፍለው ነገር የለም" ይለኛል። እውነት ምንም መብት የለኝም ጋሼ? ሌላ ጊዜ ቢያጋጥመኝስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ መብት አለሽ። በረራውን የሰረዙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ ያልበረርሽበትን የትኬቱን ክፍል ገንዘብ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ "ትተሽን ሄድሽ" የሚለው መልስ እሱን አይሰርዘውም። ግን ከገንዘቡ በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ አረጋግጪልኝ። ያ ትኬት ደርሶ መልስ ነበር? ከነበረ መመለሻሽ አሁንም መኖሩን ጠይቂ። የአየር መንገድ ሲስተም አንድ መንገደኛ አንዱን በረራ ሳይሳፈር ሲቀር የቀሩትን በረራዎች በሙሉ ሊሰርዝ ይችላል። አንቺ ያልተሳፈርሽው በረራው ስለተሰረዘ ነው፤ ያ ግን መዝገቡ ላይ በትክክል ካልተጻፈ የመመለሻሽ ቀን ኤርፖርት ደርሰሽ ነው የምትሰሚው። አሁን ደውለሽ አስተካክይው።

ለአዲሱ ትኬት ያወጣሽው ገንዘብ ትንሽ ክርክር አለው። እነሱ "ብትጠብቂን በሌላ በረራ እንወስድሽ ነበር" ይሉሻል። አንቺ ደግሞ አማራጭ እንዳልሰጡሽ፣ ካውንተሩ እንደተዘጋ፣ ምግብም ማደሪያም እንዳላቀረቡልሽ ማሳየት አለብሽ። የስረዛውን መልእክት ስልክሽ ላይ ፈልጊ። የተዘጋውን ካውንተር ወይም የበረራ ሰሌዳውን ፎቶ አንስተሽ ከነበረ በጣም ጥሩ። የአዲሱን ትኬት ደረሰኝ፣ የበላሽበትንም ጭምር፣ ሰብስቢና በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አመልክቺ። ብዙ አገሮች የፈረሙት እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አየር መንገዱ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ ማድረጉን ካላስረዳ በቀር መዘግየቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ለመክሰስም 2 ዓመት ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ አልረፈደብሽም።

በተለይ በረራው የተነሣው ከአውሮፓ ኅብረት አገር ከነበረ ጉዳይሽ ጠንካራ ነው። የኅብረቱ ሕግ ቁጥር 261/2004 ይባላል። ከኅብረቱ አገሮች ለሚነሣ ማንኛውም በረራ ይሠራል፤ ወደ ኅብረቱ ለሚገባ በረራ ደግሞ አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ ይሠራል። በዚህ ሕግ መሠረት በረራ ሲሰረዝ ወይ ገንዘብሽን በ7 ቀን ውስጥ ይመልሳሉ፣ ወይ በሌላ በረራ ይወስዱሻል። ምርጫው የአንቺ ነው። እስክትሄጂ ድረስ ምግብና መጠጥ፣ ሌሊት ካደርሽ ሆቴልና የሆቴሉ መጓጓዣ ይሰጣሉ። ስረዛውን የነገሩሽ ለጉዞው ቀን ከ14 ቀን ያነሰ ሲቀረው ከሆነ ደግሞ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሳ ሊኖር ይችላል። "ሊኖር ይችላል" ያልኩት ከባድ የአየር ጠባይ ወይም የአየር ትራፊክ መዘጋት ዓይነት ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ካሳው ስለሚቀር ነው። ምግቡና ሆቴሉ ግን በዚያም ጊዜ አይቀርም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። "ምክንያቱ አየር ጠባይ ነው፣ ስለዚህ ምንም አንሰጥም" የሚል ሠራተኛ ቢያጋጥምሽ እዚያ ሕግ ሥር ከሆንሽ ተሳስቷል።

አሜሪካ ሌላ ነው። እዚያ ለስረዛ የሚከፈል የካሳ ተመን የለም። ነገር ግን ወደ አሜሪካ በሚገባ፣ ከአሜሪካ በሚወጣ ወይም እዚያው ውስጥ በሚበር በረራ ላይ ስረዛው ሲመጣ አማራጩን አልፈልግም ካልሽ ገንዘቡን መመለስ ግዴታቸው ነው። ቫውቸር ብቻ ነው የምንሰጠው ማለት አይችሉም። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ ነገር አለ። ቫውቸር በስልክሽ ሲልኩልሽ "ተቀበል" የሚለውን ከመንካትሽ በፊት አንብቢው። አንዴ ከተቀበልሽው ጥሬ ገንዘቡን የመጠየቅ መብትሽ እዚያው ሊያበቃ ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ እዚያ ሌሊት ላይ ምን ማድረግ ነበረብሽ?

በረራ ሲሰረዝ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ካውንተር ይሮጣል። የሚቀጥለው በረራ ላይ የቀረው ወንበር ደግሞ አሥርም ሃያም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰልፉን ያዢ፣ ግን ሰልፉ ላይ ቆመሽ ብቻ አትጠብቂ። የአየር መንገዱን አፕ ክፈቺ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው አዲስ በረራ ያቀርባሉ። እሱ ካልሠራ የስልክ መስመራቸውን ደውይ። የአንዱ አገር መስመር ከተጨናነቀ የሌላ አገር ቢሯቸውን ሞክሪ። ሁሉም የሚያዩት አንድ ሲስተም ነው። ዓይኔ እያየ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልክ ጉዳዩን ጨርሶ የሄደ ሰው ብዙ ነው፤ ከኋላው ያሉት ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበሩ።

ካውንተሩ ጋ ስትደርሺ ደግሞ "ምን ትረዱኛላችሁ?" ብለሽ አትጀምሪ። ቀድመሽ በስልክሽ ወደምትሄጂበት ከተማ የሚሄዱ በረራዎችን ፈልጊ፣ የሌሎች አየር መንገዶችንም ጭምር። ከዚያ "የጠዋቱ በረራ ላይ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ አስገቡኝ" በይ። ደክሞት የቆመ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ሥራው ይቀልለታል። እኔ ራሴ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የበረራ ቁጥር ይዞ ለመጣ ሰው ነበር ቶሎ የምጨርስለት። የሌላ አየር መንገድ ወንበር ሁልጊዜ አይሰጡም፤ ስምምነት ያላቸውና የሌላቸው አሉ። ካልጠየቅሽ ግን ማንም አያነሣልሽም።

ከዚያ በኋላ ያለችው ነገር በጣም አስፈላጊ ናት። አዲስ በረራ ሲሰጡሽ "ትኬቱ እንደገና ወጥቷል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ቦታ መያዝና ትኬት መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያላት የቦታ መያዣ ኮድ ስምሽ መመዝገቡን ብቻ ነው የምታሳየው። 13 አኃዝ ያለው የትኬት ቁጥር ከአዲሱ በረራ ጋር ካልተያያዘ ጠዋት ቼክ ኢን ላይ "ስምሽ አለ፣ ትኬት ግን የለሽም" ትባያለሽ። እንዲህ ሆኖ በረራው ጥሏቸው የሄደ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ሌሊት እዚያው ወለል ላይ አደሩ። የተሰጠሽን ወረቀት እዚያው ቆመሽ አንብቢ፣ አፑ ላይም አዲሱ በረራ መግባቱን እይ። ሻንጣሽ የት እንዳለና ወደ አዲሱ በረራ መዛወሩንም ጠይቂና ሻንጣውን ስታስረክቢ የተሰጠሽን የቁጥር ወረቀት፣ ታጉን፣ አሳዪያቸው።

የሆቴሉ ነገር ደግሞ እንደ ፓስፖርትሽ ይለያያል። የዚያን አገር ቪዛ ሳትይዝ ትራንዚት ያለች መንገደኛ ሆቴል ቢሰጣትም ከኤርፖርቱ መውጣት ላትችል ትችላለች። አንዳንድ ቦታ ኢሚግሬሽን ለአንድ ሌሊት ይፈቅዳል፣ አንዳንድ ቦታ አይፈቅድም። አየር መንገዱ እንዲጠይቅልሽ አድርጊ፤ ካልተቻለ በትራንዚት ክልሉ ውስጥ ማረፊያ ካለ ይጠየቅ። እሱም ከሌለ ብርድ ልብስና የምግብ ኩፖን ጠይቂ። ምግብ በራስሽ ከገዛሽም ደረሰኙን አትጣይ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ። ልጆቼን ጠይቄ ስመለስ ከሁለቱ ሻንጣዎቼ አንዱ ቀረ። ቆሜ ቆሜ ሲደክመኝ አንዱ ሠራተኛ መጥቶ "በሚቀጥለው በረራ ይመጣል፣ ይደወልልዎታል" ብሎ አሰናበተኝ። አምስት ቀን ሆነኝ፣ የደወለ የለም። ልጄ ቢደውልላቸው የፋይል ቁጥር አምጣ ይሉታል። እኔ የፈረምኩት ነገር የለም። በእጄ ያለችው ፓስፖርቴ ጀርባ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ብቻ ናት። የደም ግፊት መድኃኒቴም እዚያ ሻንጣ ውስጥ ነው የቀረው።

መልስ፦ እማማ፣ አስቀድመው መድኃኒትዎን ዛሬ ይተኩ። ሻንጣው ነገ ይመጣል ብለው አይጠብቁ። ሐኪምዎ ዘንድ ወይም ፋርማሲ ሰው ይላኩ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።

ያቺን ትንሽ ወረቀት ደግሞ አደራዎን አይጣሏት። ላይዋ ላይ 10 አኃዝ አለ። ሻንጣዎ ላይ የተንጠለጠለው ታግም ያንኑ ቁጥር ይዟል። የሻንጣው ስም እሷ ናት ማለት ይቻላል፤ ሻንጣው ያለበት ኤርፖርት የሚያውቀው የእርስዎን ስም ሳይሆን ያንን ቁጥር ነው።

የሆነው ይህ ነው። ያ ሠራተኛ በቅን ልብ ተናግሮ ይሆናል፣ ግን ምንም አልመዘገበም። ሻንጣ ሲቀር ገና ከሻንጣ መቀበያው አዳራሽ ሳይወጡ በሻንጣ ጉዳይ ቢሮው መመዝገብ ነበረበት። ምዝገባው ፒአይአር ይባላል። ሲመዘገብ አምስት ፊደልና አምስት ቁጥር ያለው ኮድ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የኤርፖርቱ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የአየር መንገዱ ናቸው። ልጅዎን "የፋይል ቁጥር" ያሉት እሱን ነው። ኮዱ ዎርልድትሬሰር የሚባል፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ አየር መንገዶች አብረው የሚጠቀሙበት የሻንጣ መፈለጊያ ሲስተም ውስጥ ይገባል። እዚያ ካልገባ ሻንጣዎን የሚፈልገው ሰው የለም። ሻንጣው የሆነ ኤርፖርት ጥግ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱን ግን ከእሱ ጋር የሚያገናኝ ነገር የለም።

ስለዚህ ዛሬ ወይም ነገ ልጅዎ ይዞዎት ወደ ኤርፖርቱ ሻንጣ ጉዳይ ቢሮ ይሂዱ። ፓስፖርትዎን፣ የመሳፈሪያ ወረቀትዎን፣ ያቺን ታግ ይያዙ። የሚሄዱት መጨረሻ ያደረሰዎት አየር መንገድ ዘንድ ነው፤ ጉዞው በሁለት አየር መንገድ ቢሆንም ፋይሉን የሚከፍተው በተለምዶ የመጨረሻው ነው። "ለምን በዚያው ቀን አላስመዘገቡም?" ይሉዎታል። የተነገርዎትን ይንገሯቸው። የዘገየ ሻንጣን በተመለከተ የሞንትሪያል ስምምነት የጽሑፍ አቤቱታ የሚቀርብበትን ጊዜ ሻንጣው እጅዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 21 ቀን ነው የሚለው። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን መምጣትዎ መብትዎን አያሳጣዎትም። ኮዱን ሳይቀበሉ ግን እንዳይመለሱ። ስልክ ቁጥሩና አድራሻው በትክክል መጻፉን ልጅዎ ያንብብልዎት፤ አንድ አኃዝ ተሳስቶ የተጻፈ ስልክ ስንት ሻንጣ እንዳስቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲያስመዘግቡ ስለ ሻንጣው ይጠይቁዎታል። "ጥቁር ሻንጣ ነው" ብለው አያብቁ። ጥቁር ሻንጣ መጋዘን ሙሉ ነው። መያዣው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት እንደሆነ፣ የተቀደደ ጎን ካለው፣ ስንት ጎማ እንዳለው ይናገሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውስጡ ያለውን ይናገሩ። ታጉ በመንገድ ተቦጭቆ የወደቀ ሻንጣ ተከፍቶ ነው የሚታየው። "ልብስ" ቢባል ማንም አያገኘውም። "አረንጓዴ ሹራብ፣ የልጅ ልጄ ፎቶ ያለበት ክፈፍ" ቢባል ግን መጋዘን ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሲያየው ያውቀዋል። እኔ በዚህ መንገድ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገኘሁት ሻንጣ አለ፤ የተለየው በአንዲት የጥልፍ ትራስ ልብስ ነው። ባለቤቷን ስደውልላት ትራሱን ነው የጠየቀችኝ፣ ሌላውን ረስታው ነበር።

እንዳይጨነቁ አንድ ነገር ልንገርዎት። ቀረ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ለአየር መንገዶች የሻንጣ ሲስተም የሚያቀርበው ሲታ የተባለው ድርጅት በየዓመቱ ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሺህ መንገደኛ ስድስት የሚያህል ሻንጣ ነው ችግር የገጠመው፣ ከእነዚያም አብዛኛው የዘገየ እንጂ የጠፋ አይደለም። ትልቁ ምክንያት ትራንዚት ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሲያርፍ ሰው ሮጦ ይደርሳል፣ ሻንጣ ግን ተራግፎ፣ ተለይቶ፣ በመኪና ተጭኖ ነው የሚሻገረው። እርስዎ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ቀበቶ ሲያስሩ ሻንጣዎ ገና ከመጀመሪያው አውሮፕላን ሆድ እየወጣ ነው።

21 ቀን ሞልቶ ካልመጣ ግን ጠፋ ተብሎ ይቆጠራል፣ ካሳም ይጠየቃል። የካሳው ጣሪያ ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት መለኪያ ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ጣሪያ ነው እንጂ ለሁሉም የሚታደል አይደለም። የዕቃውን ዝርዝርና ዋጋ ይጠይቃሉ። ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ ለብሰው ወይም ይዘው የተነሡት ፎቶ ካለ ያውጡት፤ ይረዳል።

ለጊዜው ያወጡትንም ይጠይቁ። ሻንጣ ሲዘገይ የግድ ያስፈለገ ነገር፣ እንደ እርስዎ መድኃኒት፣ ሊከፈል ይገባል። ልብስ ግን ወደ ቤቱ ለተመለሰ ሰው "ቤትዎ ልብስ አለዎት" ብለው አይከፍሉም፤ እዚያ ላይ አይድከሙ። ከቤታቸው ርቀው ሻንጣ ለቀረባቸው አንባቢዎች ግን ሌላ ነው። የውስጥ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ለስብሰባ የሚሆን ሸሚዝ በልኩ ይገዛል፣ ደረሰኙ ይያዛል። በልኩ ያልኩት ውድ ሱፍ ገዝቶ "ሻንጣዬ ስለቀረ ነው" ያለ ሰው ክርክሩ ስለማያልቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሻንጣዬ ቀበቶው ላይ ሲመጣ ደህና መስሎኝ ይዤው ወጣሁ። ቤት ስደርስ አንዱ ጎማ ተነቅሎ ጎኑ ተሰንጥቋል። ውስጡ የነበረ ሽቶም ተሰብሯል። አልፎብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላለፈብህም፣ ግን ቀኑን ቁጠር። ለተጎዳ ሻንጣ የጽሑፍ አቤቱታ የሚቀርበው ከተቀበልክበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ ነው። ዛሬ ፎቶ አንሳ፣ ታጉ አብሮ እንዲታይ አድርግ፣ በኢሜይል ወይም በድረ ገጻቸው ላክ። ሻንጣውንም ሳያዩት አትጣለው። ከኤርፖርቱ መውጣትህ ያከብድብሃል፣ "ቤትህ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል" ስለሚሉ። ተራ መጫጫርን አይከፍሉም። መሰንጠቅ ግን ተራ አይደለም። ብዙዎቹ ወይ ያስጠግናሉ ወይ በሌላ ሻንጣ ይተካሉ። ሽቶውን በተመለከተ ተሰባሪ ዕቃ ስለሆነ "አስተሻሸግህ ነው" ሊሉህ ይችላሉ፤ ጠይቅ፣ ግን ዋናው ጉልበትህ ሻንጣው ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ ርካሽ ስለሆነልኝ ሁለት ለየብቻ የሆኑ ትኬቶች ቆርጬ ነበር። የመጀመሪያው በረራ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ሁለተኛው ጥሎኝ ሄደ። ሁለተኛው አየር መንገድ "አልመጣህም" ብሎ ትኬቴን በሙሉ ሰረዘው። የመጀመሪያው ደግሞ "እኛ አድርሰንሃል" ይላል። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። ሁለት ትኬት ማለት ሁለት ውል ነው። ለሁለተኛው አየር መንገድ አንተ ሰዓት ያላከበርክ መንገደኛ ነህ፤ ለምን እንደዘገየህ አያገባውም። የመጀመሪያው ደግሞ የሸጠልህ እስከዚያ ከተማ ድረስ ብቻ ነው። ጉዞው በአንድ ትኬት፣ በአንድ ኮድ ቢሆን ኖሮ ግን ግንኙነቱ ሲያመልጥህ እስከ መጨረሻው ማድረስ የእነሱ ኃላፊነት ነበር። ያ ዋጋ ልዩነት የሚመስለው ገንዘብ በከፊል የዚህ ዋስትና ነው። የሦስት ሰዓቱን መዘግየት ለመጀመሪያው በጽሑፍ አመልክት፣ በአውሮፓ ሕግ ሥር ያለ በረራ ከሆነ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ መድረስ እንደ ስረዛ ካሳ ሊያስገኝ ይችላል። የሁለተኛውን ትኬት ሙሉ ዋጋ መልሶ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ ባዶ ተስፋ ልሰጥህ አልፈልግም። ግን ያልበረርክበት ትኬት ላይ ያለውን የኤርፖርት ታክስ እንዲመልሱልህ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ የሚመልሱት ሲጠየቁ ብቻ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝተህ ከነበረ "ያመለጠ ግንኙነት" የሚል አንቀጽ እንዳለው እይ።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ካደረግክ በሁለቱ መካከል ሰፊ ሰዓት ተው፣ ቢቻል ማደር። ሻንጣ አታስጭን፣ ምክንያቱም ሻንጣህን ራስህ ተቀብለህ እንደገና ማስመዝገብ አለብህ፤ ለዚያ ደግሞ ወደ አገሩ መግባት፣ አንዳንዴም ቪዛ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መዘግየቱን ገና ስትሰማ ደግሞ ሁለተኛው ሳይነሣ ደውልላቸው። ከመነሻው ሰዓት በፊት የደወለ ሰው ቀኑን በቅጣት ሊቀይር ይችላል። ከተነሣ በኋላ የደወለ ግን በአብዛኛው ሊቀይር የሚችለው ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ልንጓዝ ነው። ሁለት ትራንዚት አለን። የእኅቴን ሠርግ ነው የምንሄደው። ሻንጣ ይቀራል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሻንጣ ውስጥ የሚቀመጠው መከታተያ ይጠቅማል ይባላል፣ እውነት ነው? ሌላስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። መከታተያው ይጠቅማል። እንደ ኤርታግ ያሉት ትንንሾቹ ባትሪያቸው ትንሽ ስለሆነ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ይፈቀዳሉ። ሻንጣው የት ከተማ እንዳለ አንቺ ቀድመሽ ታውቂያለሽ፣ ከታወቀ ደግሞ "እየፈለግን ነው" የሚለው መልስ ያጥራል። አሁን አንዳንድ አየር መንገዶች የመከታተያውን ሊንክ ራሳቸው ይቀበላሉ። ግን መከታተያው ምዝገባውን አይተካም። ሻንጣሽ የት እንዳለ በስልክሽ እያየሽም ቢሆን ያቺን የፋይል ኮድ መያዝ አለብሽ።

ፓወር ባንክ ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቢ፤ ክልክል ነው፣ ይህ የአውሮፕላን ደኅንነት ጉዳይ ነው። እጅሽ ላይ ይሁን። ሻንጣው ተፈትሾ እሱ ከተገኘበት አውሮፕላኑ ላይ ሳይጫን ሊቀርም ይችላል፤ ሻንጣ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከቤት ሳትወጡ የድሮ ታጎችንና ትንንሾቹን ስቲከሮች ከሻንጣው ላይ ላጪ። የሚያነበው ማሽን የድሮውን ባርኮድ ካገኘ ሻንጣውን ወደ ጎን ያወጣዋል። ሻንጣውን ዘግተሽ ከውጭ፣ ከፍተሽም ከውስጥ ፎቶ አንሺው። ስምሽንና ስልክሽን የጻፍሽበት ወረቀት ከውስጥ ልብሱ ላይ አስቀምጪ፤ የውጭው ታግ ቢቦጨቅ የሚያድንሽ እሷ ናት። ቼክ ኢን ላይ ደግሞ ሠራተኛዋ ታጉን ስታስር የመጨረሻው ከተማ ኮድ መጻፉን እይና "የት ነው የምቀበለው?" ብለሽ ጠይቂ። ለምሳሌ ወደ አሜሪካ ስትገቢ በአብዛኛው መጀመሪያ ባረፍሽበት ኤርፖርት ሻንጣሽን ተቀብለሽ በጉምሩክ አልፈሽ እንደገና ማስረከብ አለብሽ። ይህን ሳያውቁ ሻንጣቸውን እዚያው ትተው ወደ ቀጣዩ በረራ የሄዱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

የልጆቹ መድኃኒት፣ ሰነዶች፣ ወርቅና ጌጥ፣ ላፕቶፕ ከእናንተ አይለዩ። በቤተሰባችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ እሱም የግድ በእጅ ነው፤ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ቅዝቃዜው ሊያበላሸው ይችላል። አንድ ማምለጫ የሌለው የሚመስል ወጥመድ አለ። አውሮፕላኑ ሲሞላ በር ላይ "የእጅ ሻንጣችሁን እንጫንላችሁ" ይላሉ። ያኔ ሰው ተቻኩሎ መድኃኒቱንና ፓወር ባንኩን ሳያወጣ ያስረክባል። ስለዚህ እነዚህን በእጅ ሻንጣው ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ለይተሽ አስቀምጪ። "ስጡን" ሲሉ ቦርሳዋን ብቻ መዘዝ አድርገሽ ትወስጃለሽ።

የሠርግ ልብሶቻችሁ ቢቻል በእጅ ይሁኑ። ያልተቻለው ደግሞ ይከፋፈል። አብዛኛው ቤተሰብ አንዱን ሻንጣ ለባል፣ አንዱን ለሚስት፣ አንዱን ለልጆች ያደርጋል። የልጆቹ ሲቀር ልጆቹ ራቁታቸውን ቀሩ ማለት ነው። ቀላቅሉት። በእያንዳንዱ ሻንጣ ውስጥ የአራታችሁም ሁለት ሁለት ቅያሪ ይግባ። አንዱ ቢቀር ሁላችሁም የምትለብሱት አይጠፋም፣ የቀረው ሻንጣ እስኪመጣም ሠርጉን በደስታ ታሳልፋላችሁ። ቢቻላችሁ ደግሞ ከሠርጉ አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፤ ከቀሩት ሻንጣዎች አብዛኞቹ በሁለት ቀን ውስጥ ነው የሚደርሱት።